ለወላጆች ኮሚቴ፦ ስለ ዘንዶው፣ ስለ በቅሎዋና ስለ ተቆለፈው ክፍል

ይድረስ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን የወላጆች ኮሚቴ

ጉዳዩ፦ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተቆለፈውን ክፍል ይመለከታል

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ይህ ሦስተኛ ደብዳቤዬ ነው። የፊተኞቹን ሁለቱን በእጅ ሰጥቼ «እናየዋለን» ተብያለሁ። በእኛ አገር ሰው አፍ «እናየዋለን» ምን ማለት እንደሆነ እናንተም እኔም እናውቃለንና፣ ይሄኛውን ማንም ወላጅ በሚያነብበት አደባባይ አውጥቼዋለሁ። ጠብ ፈልጌ አይደለም። አብዛኞቻችሁ ታላላቆቼ ናችሁ፤ ከመካከላችሁ የልጄ የክርስትና እናትም አሉ።

ነገሩን ላልሰማ ወላጅ ባጭሩ ልንገር። ስድስት ልጆች፣ አንዷ የእኔ ናት፣ ቅዳሜ ከአማርኛው ትምህርት በኋላ ከወጥ ቤቱ ጎን ባለችው ክፍል እየተሰበሰቡ «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የሚባለውን ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። አንድ ማታ በቴሌግራም ግሩፓችን መልእክት መጣ፦ ጨዋታው ጥንቆላና ዘንዶ ያለበት፣ የልጆችን አእምሮ የሚለውጥ ስለሆነ ክፍሉ ለዚህ እንዳይውል ተወስኗል የሚል። በሚቀጥለው ቅዳሜ በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ አገኘነው። ልጆቹ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ቆሙ፤ ከዚያ እያንዳንዳቸው ስልካቸውን አውጥተው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ።

ጨዋታውን ልጄ ከትምህርት ቤት ያመጣችው የመሰላችሁ አላችሁ። ከእኔ ነው የወሰደችው። ስለዚህ ጥፋት ካለ ተከሳሹ እኔ ነኝ፤ ቃሌንም ከልጅነቴ ጀምሬ እሰጣለሁ።

የተወለድኩት በ1966 ዓ.ም. ነው፣ አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት። ጨዋታውም የዚያው ዓመት ልጅ ነው፤ በፈረንጆቹ 1974 መጀመሪያ ላይ ነው የወጣው። (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው፤ ካልሆነ እኔም እምታታለሁ።) የሠሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ጋሪ ጋይጋክስ ይባላል፤ ዊስኮንሲን ውስጥ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ ይኖር የነበረ፣ የኢንሹራንስ ሥራውን አጥቶ በምድር ቤቱ ጫማ ይጠግን የነበረ የልጆች አባት ነው። ሁለተኛው ዴቭ አርነሰን ነው። የመጀመሪያዎቹን 1,000 ሳጥኖች በእጅ እየገጣጠሙ ነው የሸጧቸው። ጋይጋክስ በዚያን ዘመን የይሖዋ ምስክር ነበር። ይህን ያን ጊዜ አለማወቄ ጠቀመኝ፤ ለእናቴ ብነግራት «ባሰ!» ብላ ሳጥኑን በመስኮት ትወረውረው ነበር።

አባቴ በቀይ ሽብር ጊዜ ቀበሌ እስር ቤት ከርሟል። ስንት ወር እንደሆነ እስከ ዛሬ አይነግረኝም። ከዚያ በገዳሪፍ ወደ ካርቱም፣ ከካርቱም በስደተኞች ፕሮግራም ወደ ቨርጂኒያ፤ አሌክሳንድሪያ ስንገባ ጊዜው 1983 ነበር፣ እኔም ዘጠኝ ዓመቴ። አባቴ ታክሲ ያዘ፣ እናቴ ሆቴል ክፍል ማጽዳት ጀመረች። እኔ ደግሞ እንግሊዝኛ የማይችል ልጅ ሆኜ የትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቆምኩ።

ሳጥኑን ያገኘው ከእኛ በታች ሁለተኛ ፎቅ የሚኖር የኤል ሳልቫዶር ልጅ ነው። በ1985 አንድ ጎረቤት ዕቃውን ሣር ላይ ዘርግቶ ሲሸጥ በአንድ ዶላር ገዛው። ቀይ ነው፤ ክዳኑ ላይ ጎራዴ የያዘ ሰው ከቀይ ዘንዶ ጋር ተፋጧል። ውስጡ ሁለት ቀጫጭን መጻሕፍት፣ የዳይስ (ፊታቸው ላይ ቁጥር ያለባቸው፣ ተጥለው ዕጣ የሚያወጡ ጠጠሮች) ከረጢትና አንዲት የሰም እርሳስ አሉ። እርሳሷ ምን ትሠራለች ብለን ስናስብ ሰነበትን። ለካ ዳይሶቹ ላይ ያለው ቁጥር የተቦረቦረ እንጂ ቀለም የሌለው ኖሯል፤ ሰሙን እላዩ ላይ ፈትገህ የተረፈውን ስትጠርገው ቁጥሩ ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። እኔ የጠረግሁት ወንበር ላይ ባገኘሁት ጨርቅ ነው። ጨርቁ የእናቴ ነጠላ ነበር። ጥበቡ ላይ የቀረው የሰም ምልክት እስከ ዛሬ አለ፤ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ታሳየኛለች።

ከስድስቱ ዳይስ ስምንት ፊት ያለው ጠፍቶ ነበር። ከአንድ እስከ ስምንት በወረቀት ጽፈን፣ አጣጥፈን፣ ስኒ ውስጥ እየናጥን ማውጣት ያዝን። በኋላ እንዳነበብኩት ጨዋታውን የሚያሳትመው ኩባንያ ራሱ በአንድ ወቅት ዳይስ አልቆበት፣ በዳይስ ፋንታ ቁጥር የታተመባቸው ወረቀቶች ሳጥኑ ውስጥ ይከት ነበር። ድሆች የሚያስቡት አንድ ዓይነት ነው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። እንደ ገበጣ ጉድጓድ፣ እንደ ዳማ ሰሌዳ የለውም። «ዲኤም» የሚባለው ተራኪ «ዋሻው አፍ ላይ ደርሳችኋል፤ ከውስጥ የጢስ ሽታ ይመጣል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነዋል፤ አንዱ ተዋጊ፣ አንዱ አስማተኛ፣ አንዱ ካህን፣ አንዱ ሌባ። ይመካከራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይወስናሉ። የወሰኑት ነገር መሳካቱ ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል። ይሄው ነው። «እንቆቅልሽ!» ተብሎ፣ «ምን አውቅልህ» ብሎ፣ መልሱ ሲጠፋበት «አገር ስጠኝ» ተብሎ ጎንደርን ያስረከበ ሰው ይሄ ሊከብደው አይገባም። አንድ ልጅ ባዶ እጁን ተቀምጦ ጎንደርን መስጠት ከቻለ ዋሻም መግባት ይችላል።

የምንጫወተው በሕንፃው ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነበር። ልብስ የሚታጠፍበት ረጅም ጠረጴዛ ነበረው፣ ክረምት ከበጋ ይሞቃል፣ የሚያባርረን ሰውም የለም። ሰዓታችን ማድረቂያው ማሽን ነበር። ድምፁ ጸጥ ሲል እናቶች ቅርጫታቸውን ይዘው ስለሚወርዱ፣ ዘንዶው አፉን ከፍቶ ባለበት አቁመን ጠረጴዛውን እንለቃለን። አምስት ነበርን፦ ሳልቫዶራዊው፣ አንድ የአስመራ ልጅ፣ አንድ ቬትናማዊና ታላቅ እህቱ፣ እኔ። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው የሆነ አንድም አልነበረንም። መዝገበ ቃላት መሀል ላይ እናስቀምጣለን። ትምህርት ቤት መምህሬ «መንገዱ እንዴት ነበር?» ብላ ብትጠይቀኝ «ፔሪለስ» (አደጋ የበዛበት ማለት ነው) ብዬ መለስኩላት። ትክ ብላ አየችኝ። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከጭራቅ መጽሐፍ ነው፤ ዳቦ መግዣውን እንግሊዝኛ የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

የቬትናሟ ልጅ አስማተኛ ነበረች፣ ጎበዝ። አንድ ነገር ብቻ አታደርግም፤ መርከብ አትሳፈርም። ተራኪው ወደብ ላይ ሲያደርሰን «እኔ በእግሬ ነው የምሄደው» ትላለች። «ደሴት ነው እኮ!» ብንላት «በእግሬ» ትላለች። ወንድሟ ዳይሱን እያገላበጠ ዝም ይላል። ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ በሁለተኛው ሳምንት ሳልቫዶራዊው ካርታውን በላጲስ አጥፍቶ ደሴቷን ከየብስ ጋር በቀጭን መሬት አገናኛት። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር።

ቤት ውስጥ ግን ጨዋታውን ማስረዳት ሌላ ነገር ነው። አንድ ማታ እራት ላይ አባቴ ስሙ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ። «የእስር ቤትና የዘንዶ ጨዋታ» አልኩት። እጁ እንጀራው ላይ እንዳለ ቀረ።

«እስር ቤት ትጫወታላችሁ?»

«አዎ፣ ከመሬት በታች ያለ።»

«ማን ነው የሚያስራችሁ?»

«ማንም። እኛ ነን የምንገባው።»

«በገዛ እግራችሁ?»

«አዎ። ወርቅ አለው።»

ወደ እናቴ ዞሮ «የአሜሪካ ልጅ ሆነልሽ» አላት። «እስር ቤት በገዛ እግሩ ይገባል።» ከዚያ እራቱን ቀጠለ። እኔ ግን ያን ዕለት «ዳንጀን» የሚለውን ቃል ዋሻ ብዬ መተርጎም ጀመርኩ፤ እስከ ዛሬም ዋሻ ነው የምለው።

የእናቴ ፍርሃት ሌላ ነበር። ከሳጥኑ መጻሕፍት በአንዱ መግቢያ ላይ ለብቻ የሚነበብ ታሪክ አለ። ዋሻ ውስጥ አሊና የምትባል ደግ ሴት አግኝተህ ቁጭ ብለህ ታወራለህ፣ ትላመዳለህ፤ ከዚያ አንድ ክፉ አስማተኛ ይገድላታል። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እናቴ በሩን እየደበደበች «ማን ሞተ? ከአገር ቤት ተደውሎ ነው?» አለች። «አሊና» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ «የማን ልጅ ናት?» አለች።

ከዚያ ወዲህ ዓይኗ አልተለየኝም። ሱሪዬን ልታጥብ ስትል ኪሱ ውስጥ ዳይስ አገኘች፤ ሃያ ፊት ያለውን። ቁማር ነው አለች። በጌታ ልብስ ላይ ዕጣ የተጣጣሉት ወታደሮችም እንዲህ ነው የጀመሩት አለች። ጎትታ ወደ ንስሐ አባታችን ወሰደችኝ። ያን ጊዜ የራሳችን ሕንፃ አልነበረንም፤ ቅዳሴው በኪራይ አዳራሽ ነበር፣ እሳቸውም ካፖርታቸውን ደርበው በሚታጠፍ የብረት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዳይሱን መዳፋቸው ላይ አድርገው አገላበጡት።

«በገንዘብ ነው የምትጫወቱት?»

«አይ፣ አባ።»

«ታዲያ የተሸነፈ ምን ይከፍላል?»

«ይሞታል።»

«ሰሙት አባ!» አለች እናቴ።

ላስረዳ ሞከርኩ፤ የሚሞተው ወረቀቱ ላይ ያለው ሰውዬ እንደሆነ፣ ከዚያ አዲስ ሰውዬ እንደሚሠራ። አባ ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ለእናቴ «ማትያስም ከሐዋርያት የተቆጠረው በዕጣ ነው፤ ዕጣው ምን አጠፋ?» አሏት። ለእኔ ደግሞ «እሑድ ጠዋት ግን እንዳልሰማ» አሉኝ። አልሰሙም። እናንተም ብትሆኑ ከዚህ የበለጠ ምርመራ ያደረጋችሁ አይመስለኝም።

የእኔ ተዋጊ ስሙ ገብርዬ ነበር፣ በቴዎድሮስ ፊታውራሪ ስም። አንድ ቅዳሜ ወጥመድ ላይ ረግጬ ጉድጓድ ገባሁ፤ ዳይሱ አንድ ወጣ። «ገብርዬ ሞተ!» ብለው አራቱም ጮኹ። አባቴ የሌሊት ሥራውን ጨርሶ፣ የልብስ ቅርጫት ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

«ማን ሞተ?»

«ገብርዬ።»

«እንዴት?»

«ጉድጓድ ገብቶ።»

ቅርጫቱን አስቀመጠ። «ገብርዬ ጉድጓድ ገብቶ አይሞትም» አለ፣ በአማርኛ፣ ለአራቱም ፈረንጅ የሚያወራ ይመስል ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ገብርዬ የሞተው መቅደላ አጠገብ፣ አሮጌ ሜዳ ላይ ነው፣ በስቅለት ዕለት፣ ከእንግሊዝ ጋር ሲዋጋ።» ተርጉም አለኝ፤ ተረጎምኩ። ሳልቫዶራዊው አሰበበትና ዳይሱን ደግመህ ጣል አለኝ። አሥራ ሰባት ወጣ። ገብርዬ በአንድ እጁ የጉድጓዱን አፍ ይዞ ተገኘ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቴ ያለ ቅርጫት ወረደ። ልብስ ሳይኖር ማለቴ ነው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ተራኪው ልጅ ግራ ገብቶት፣ ወርቃችንን የምትሸከም በቅሎ ልንገዛ ገበያ መግባታችንን አስታውሶ፣ «አባትህ በቅሎ ነጋዴ ይሁን» አለ።

የበቅሎ ዋጋ መጽሐፉ ላይ ተቆርጧል። አባቴ መጽሐፉን ገፋ አደረገውና አሥር እጥፉን ጠራ። አምስታችንም ጮህን። «ይህች በቅሎ የማን ዘር እንደሆነች ታውቃላችሁ?» አለ። ጥርሷን እንድናይ አዘዘን። የአስመራው ልጅ በትግርኛም በአማርኛም እየለመነ ዋጋውን ወደ ግማሽ አወረደው። ከዚያ አባቴ ወዴት ነው የምትሄዱት አለ። ነገርነው። «እዚያ የሄደ አይመለስም። በቅሎዬን ማን ይመልስልኛል? ዋስ ጥሩ።» በዓለም ላይ ይህን ጨዋታ ሲጫወት ዋስ የተጠየቀ ቡድን ከእኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ዋስ ስለሌለን የገብርዬን ጎራዴ በመያዣ ተቀበለ፤ በቅሎዋንም ሳይሸጥ አከራየን።

ስንነሳ መንገድ ነገረን። እኔ እየተረጎምኩ ነበር። «ሌሊት ሌሊት ነው የምትሄዱት። ቀን ቁጥቋጦ ውስጥ ትተኛላችሁ። የውሻ ድምፅ ከሰማችሁ ነፋሱ በየት እንደሚነፍስ እዩ። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ እንዳያለቅስ ስኳር ያዙ፤ ጥቂት ጥቂት ምላሱ ላይ አድርጉለት።»

ስኳሩን አስታውሰው ነበር። ጨለማ፣ የአህያ ጀርባ፣ አፌ ውስጥ ስኳር። ለምን እንደተሰጠኝ ግን እስከዚያ ቅዳሜ አላውቅም ነበር። «ምን አለ?» አሉኝ ልጆቹ። ስኳር ያዙ ይላል አልኳቸው። የቬትናሟ ልጅ ዕቃዋ በተመዘገበበት ወረቀት ላይ «ስኳር» ብላ ጻፈች።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። በዚያው ሰሞን፣ አንዲት የእናቴ የሥራ ባልደረባ ስለ ጨዋታው የታተመ በራሪ ወረቀት ሰጠቻት። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። ቤት ይዛው መጥታ «ይሄን አንብብልኝ» አለችኝ። ተርጓሚውም ተከሳሹም እኔው ሆንኩ። ወረቀቱ ሰይጣን ማምለክ፣ ጥንቆላ፣ የልጆችን አእምሮ መለወጥ ይላል። ልዋሻችሁ አልችልም፤ ሦስት ነጥብ ዘልያለሁ። የዘለልኳቸው ነጥቦች ከአርባ ዓመት በኋላ በአማርኛ ተተርጉመው ቴሌግራማችን ላይ ሲመጡ ወዲያው ነው ያወቅኋቸው። ቃሉ የእናንተ አይደለም። የዚያ ወረቀት ነው፤ የወረቀቱ ባለቤቶች ደግሞ ከጣሉት ቆይተዋል።

ወሬው የጀመረው በ1979 ነው። ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረ የ16 ዓመት ልጅ ነሐሴ ላይ ጠፋ። ቤተሰቡ የቀጠረው መርማሪ ልጁ በግቢው ሥር ባሉ የእንፋሎት ቱቦ ዋሻዎች ውስጥ ጨዋታውን ሲጫወት ሳይጠፋ አልቀረም አለ፤ ጋዜጦች ተቀባበሉት። ልጁ ከሳምንታት በኋላ ሉዊዚያና ውስጥ በሕይወት ተገኘ። መጥፋቱ ከጨዋታው ጋር እንደማይያያዝ መርማሪው ራሱ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ አመነ፤ ግን እርማትን ማን ያነባል?

ከዚያ በ1982 እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ ፓትሪሺያ ፑሊንግ የምትባል እናት ልጇ ራሱን አጠፋ። ጨዋታው ነው የገደለው ብላ ከሰሰች፤ ክሱ ተቀባይነት አላገኘም፤ በ1983 ጨዋታውን የሚቃወም ማኅበር መሠረተች። በ1985 በታወቀው የእሑድ ማታ የሲቢኤስ ዜና ፕሮግራም ላይ ቀረበች። እንደ ወላጅ አልስቅባትም። ልጁ የሞተበት ሰው ምክንያት ይፈልጋል፤ እኔም ብሆን እፈልግ ነበር። ግን በ1990 ማይክል ስታክፖል የሚባል ጸሐፊ የማኅበሩን ማስረጃ አንድ በአንድ ፈትሾ፣ አብዛኛው ከአንዱ ጋዜጣ ወደ ሌላው ሲቀዳ የኖረ ወሬ መሆኑን አሳየ። ኩባንያውም በ1989 ባወጣው እትም ፈርቶ የሰይጣንና የአጋንንትን ስም ከመጽሐፉ አውጥቶ ነበር። ነገሩ ሲበርድ መለሳቸው።

ጨዋታውን የከለከለ ፈልጌ ያገኘሁት አንድ ነው። ጨዋታው በተወለደበት በዊስኮንሲን ያለ አንድ እስር ቤት፣ ተራኪ ተከትሎ መጫወት የወሮበላ ቡድን አለቃ መከተልን ያስለምዳል ብሎ ከለከለ፤ በ2010 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አጸደቀለት። እስር ቤት ነው እንግዲህ። ኮሚቴያችን ከዚያ ጋር እንዲቆጠር አልፈልግም።

ስለ ዘንዶውም አንድ ጥያቄ አለኝ። ኮሚቴው በሚሰበሰብበት ጠረጴዛ ራስጌ የተሰቀለው ሥዕል የማን ነው? ነጭ ፈረስ፣ ጦር፣ ዛፍ ላይ የተቀመጠች ብሩታይት፣ ከፈረሱ ሆድ ሥር የሚጠማዘዘው ምንድን ነው? ልጆቻችን ጨዋታው ሳይመጣ በፊት ዘንዶን ያወቁት ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ነው። አክሱም ላይ ነግሦ ሰው ያስገብር የነበረውን አርዌን ማን ገደለው ብላችሁ ብትጠይቋቸው አያውቁም፤ ያላወቁት ስላልነገርናቸው ነው። ደብረ ዳሞን አቡነ አረጋዊ የወጡት የዘንዶ ጭራ ይዘው ነው ብዬ ለልጄ ስነግራት «ይሄን ጨዋታው ውስጥ ላስገባው?» አለችኝ። አስገባችው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አምስት ልጆች በዘንዶ ጭራ ገደል ሲወጡ ዋሉ።

እነዚህ ልጆች ቤት ውስጥ በአማርኛ ብትጠይቋቸው በእንግሊዝኛ የሚመልሱላችሁ ናቸው። ልጄ ግን ተራዋ ደርሶ ተራኪ የምትሆን ሳምንት፣ ዓርብ ማታ ወጥ ቤት መጥታ «ወጥመድ» ነው «ወጥመት»? ትለኛለች። ጋሻ፣ ምሽግ፣ ሽፍታ፣ ኬላ፣ ስንቅ ምን እንደሆነ ጠይቃኛለች። መጽሐፉ ውስጥ ያለውን መሸታ ቤት ጠላ ቤት አድርገውታል፤ ባለቤቷ እትዬ ናቸው፣ ዱቤ አይሰጡም። ለአማርኛ ትምህርቱ መምህር ክብር አለኝ፤ ግን «ስንቅ» የምትለዋን ቃል ያለ ጨዋታው ማን ያስፈልጋታል?

ጉድለት የለውም አልልም። ጊዜ ይበላል። እኔ ራሴ የራሴን ስምንት ፊት ዳይስ ለመግዛት ከእናቴ የልብስ ማጠቢያ ጣሳ ሳንቲም ሰርቄአለሁ፤ አራት ሳምንት ሙሉ፣ በየሳምንቱ አንዲት። አንዳንዶቹ መጻሕፍት ውስጥ ለትናንሽ ልጆች የማይሆን ሥዕል አለ፤ እኔ ያላየሁትን መጽሐፍ ልጄ አትይዝም። ልጆች ያለ ትልቅ ሰው ክፍል ውስጥ መሆን የለባቸውም ማለታችሁም ልክ ነው፣ በዚህ አልከራከርም። ስለዚህ የምለው ይህ ነው፦ በየሳምንቱ አንድ ወላጅ ይቀመጥ፤ ሌላ ከጠፋ እኔ እቀመጣለሁ። የሚጠቀሙባቸው መጻሕፍት ክፍሉ ውስጥ ይቀመጡ፣ ማንም ያገላብጣቸው። ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ይጫወቱ፤ ጠርገው ይውጡ። ከመወሰናችሁ በፊት ግን ከእናንተ አንድ ሰው፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሦስቱን ሰዓት ሙሉ ይይ። አሥር ደቂቃ ቆሞ ያየ አላየም።

የዚህን ደብዳቤ ቅጂ በፖስታም ልኬላችኋለሁ። ፖስታው ላይ ያለውን ቴምብር ልብ በሉ፤ ጨዋታው በ2024 ሃምሳ ዓመት ሲሞላው የአሜሪካ ፖስታ ቤት ያወጣለት ነው።

አባቴ ሰማንያ አልፎታል፣ ጉልበቱ ደረጃ አይወጣም፤ ክፍሏ ምድር ላይ መሆኗ ደስ ብሎታል። ጓጉንቸሩ ከተነሣ በመጀመሪያው ቅዳሜ እንደሚመጣ ለልጆቹ ንገራቸው ብሎኛል። በቅሎዋን ግን አይሸጥም። ዋስ ይዘው ይምጡ ብሏል።

ከአክብሮት ጋር፣

ከስድስቱ ልጆች የአንዷ አባት